ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ወርዶ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው

በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ተወልዶ፥ በንግድም ሆነ በመንግሥት ሥራ ደክሞ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ሰው ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲያስብ፥ ሰፊው የመኪና ገበያ ከአገሩ ውጭ ስለሆነ፥ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ጎንደር ወይም ወደ አዲስ አበባ መውረድ ግድ ይሆንበታል። ይህ ርቀት ብቻውን ለሻጭ ታላቅ ረዳት ነው፤ ከሩቅ የመጣ ገዢ የአልጋ ኪራይ እየከፈለ የሚያድር፥ ሥራውንና ቤተ ሰቡን ጥሎ የመጣ፥ ባዶ እጁን ቢመለስ በአገሩ ሰው ፊት የሚያፍር መሆኑን በመኪና መሸጫ የሚውል ደላላ ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃልና። በዚህ ንግድ ሲጐዱ ያየኋቸው ወገኖቼ አብዛኞቹ ስለ መኪና በቂ ዕውቀት ነበራቸው፤ ከመካከላቸው ዕድሜ ልካቸውን መሪ ሲጨብጡ የኖሩ ሾፌሮችም ነበሩ፤ የጐዳቸው ዛሬውኑ ገዝቶ የመመለስ ጕጕት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድ መሠረት ላይ የቆመ መሆኑን አንባቢ እንዲረዱልኝ እሻለሁ፤ ይኸውም መኪናውን መርምረውና ወረቀቱን አንብበው ሳይጨርሱ ገንዘብዎ ከእጅዎ እንዳይወጣ፥ ነገሩ ካላማረዎትም ባዶ እጅዎን ለመመለስ ከቤትዎ ሳሉ ልብዎን እንዲያዘጋጁ ነው።

ከቤትዎ ሳይነሡ አስቀድመው የሚወስኑት መኪናው የሚመላለስበትን መንገድና የሚሸከመውን ጭነት ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ፥ ጨጨሆን አልፎ ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፥ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት አውራ ጎዳና ለትንሽ አውቶሞቢል የሚያስኬድ ቢሆንም፥ ከእርሱ እየተገነጠሉ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወርዱት የፒስታ መንገዶች በክረምት ጭቃ፥ በበጋ ድንጋይና አቧራ ስለሆኑ፥ ሆዱ ለመሬት የቀረበ መኪና ዓመት ሳይሞላው ይሰባበርባቸዋል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ ዳገቱን እያስቈፈሩና ገደሉን እያስደለደሉ ወራት በፈጀ ጕዞ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነበርና፥ አገራችን ለመንኰራኵር ያላት ጠባይ ከጥንት የታወቀ ነው። በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ እህል ለሚያመላልስ ሰው ባሌስትራው የጸና ፒክ አፕ ወይም አይሱዙ እንጂ፥ በከተማ አስፋልት ላይ የሚያምር ቪትዝ አይበጀውም።

ስለ ከፍታው ነገር ግን ጥቂት ማብራራት ይገባኛል፤ በከተማ ያሉ ሻጮች ከቶ የማያነሡት ጕዳይ ነውና። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ፥ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ሲሆኑ፥ ነፋስ መውጫ ከ3000 ሜትር በላይ ናት፤ የጉና ተራራም ከ4000 ሜትር ያልፋል። ከፍታው በጨመረ ቍጥር አየሩ ስለሚሳሳ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጕልበቱ ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህሉን ያጣል፤ በባሕር ዳር ሜዳ እንደ ልቡ የሚሮጥ ያረጀ ሞተር፥ ከደብረ ታቦር ወጥቶ የጉናን ግርጌ ሲጀምር፥ ማርሽ ተቀንሶለት እንኳ ሲያቃስት የሚገኘው ስለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ በ3000 ሜትር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ የማይዝ ከሆነ ሞተሩ በዳገት ላይ ቶሎ ይግላል፤ የጋለ ሞተርም ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፥ ቴስታታው ይጣመማል፥ ከዚያ በኋላ የሚወጣው የጥገና ገንዘብ መኪናውን ሲገዙ በክርክር ካስቀነሱት ይበልጣል። ስለዚህ የነፋስ መውጫና የጋሳይ ሰው የክዳኑን ላስቲክና የራዲያተሩን ጤንነት ከቀለሙ ውበት አስበልጦ ይመልከት።

ዋጋውን በሚመለከት ገበያው ለሻጭ ያደላበት ዘመን መሆኑን ዐውቀው ይውረዱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ግብሩን አከበደ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በመንግሥት ተነገረ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚህ ሁሉ ምክንያት አስቀድሞ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ብርቅ ንዋይ ይታያል፥ ሻጩም አይለመንም። የኤሌክትሪክ መኪና የሚያስቡ ቢኖሩ ባትሪ የሚሞሉበትን ቦታ በሚሄዱበት መንገድ ሁሉ በስም ለይተው ሳያውቁ እንዳይገዙ እመክራለሁ።

ቀጥሎ የመኪና መሸጫ የሚባለው ቤት ምን እንደሆነ ይወቁ። በግቢው ተሰልፈው ከሚታዩት መኪናዎች ብዙዎቹ የግለሰቦች ንብረት ሆነው እንዲሸጡ በአደራ የቆሙ ናቸው፤ ቤቱ የሚያገኘው ኮሚሽን ነው። በዚህ ምክንያት ነገ ጕድለት ሲገኝ ቤቱ «እኛ አገናኝ ነን» ይላል፥ በውሉ ላይ የፈረመው ሰው ደግሞ ስልኩን አያነሣም። እንግዲህ ገና በስልክ ሳሉ፥ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ከመናገርዎ በፊት፥ ባለቤቱ ማን ነው፥ ሊብሬው በማን ስም ነው፥ ለፊርማ ራሱ ይቀርባል ወይስ በወኪል ነው ብለው ይጠይቁ። የሊብሬውን ገጽና የሻንሲውን ቍጥር በፎቶግራፍ እንዲልኩልዎ ያድርጉ፤ ይህን ለመላክ የሚያመነታ ቤት የመንገድ ወጪ ሊወጣበት አይገባም። በከተማው ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ካለዎት፥ እርስዎ ከመነሣትዎ በፊት ሄዶ መኪናው በእርግጥ በቦታው መኖሩን በዐይኑ ይይልዎ።

ይህን የምለው ያየሁት ነገር ስላለ ነው። ከአርብ ገበያ እህል እያመላለሰ የሚነግድ አንድ ወዳጄ ሃይሉክስ ሊገዛ ሲነሣ አብሬው ወርጄ ነበር። ፎቶግራፉንና ዋጋውን በስልክ የላኩለት መኪና፥ ከግቢው በር ስንደርስ፥ «ትናንት ማታ ተሸጠ፤ አይዞህ፥ ከእርሱ የሚሻል አለን» ተባለ፤ የሚሻለው የተባለውም ዋጋው ወዳጄ ከያዘው ገንዘብ በላይ ነበረ። ጊዜው ጧት ነው፥ መኪናውም ከቆመበት አልተነሣም ብለውናል፤ ነገር ግን እጄን ኮፈኑ ላይ ባኖር ሞቆ አገኘሁት። የሞተሩ አካል አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያበራል፤ ከሾፌሩ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ ብንገልጠው ጨርቁ ረጥቧል። ወዳጄ የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ስቦ፥ ከሥሩ የተሰፋችውን ትንሽ ምልክት ሲያነብ፥ የተሠራበት ዓመት ሊብሬው ከሚናገረው የቀደመ ሆኖ ተገኘ። ወደ ጋራዥ ወስደን እናሳየው ብንል፥ መኪናው ከግቢ እንደማይወጣና የቤቱ መካኒክ እንደሚበቃን ነገሩን፤ መካኒኩም ኮፈኑን ሳይከፍት ስለ ሞተሩ ደኅንነት መሰከረ። በዚህ መካከል ደላላው ሌላ ገዢ ከመንገድ ላይ እንዳለ፥ ቀብድ ካልተያዘ መኪናው እስከ ምሳ ሰዓት እንደማይቆይ ደጋግሞ ይነግረን ነበር። የወዳጄ እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሲመላለስ አየሁ፤ ከዚያም ምንጣፉን በቦታው መልሶ፥ ቀበቶውን ለቆ፥ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ወደ ታች ጋይንት የተመለሰው አዝኖ ነው፤ ያሳዘነውም ገና በአገሩ ሳለ፥ በሌለ መኪና ተጠርቶ እንደወረደ መረዳቱ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን ከግቢው መውጣቱን ከሁሉ የበለጠ ብልኅነት አድርጌ እቈጥረዋለሁ።

ከመኪናው ፊት ሲቆሙ ምርመራው እንዲህ ይሁን። ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲቆይዎ ቀድመው ያስጠንቅቁ፤ ሞቆ ካገኙት ጧት እመለሳለሁ ብለው ይሂዱ፤ በብርድ ጊዜ ማስነሣት የሚያስቸግር ሕመም በሞቀ ሞተር ይሰወራልና። ሲነሣ ከማርሚታው የሚወጣውን ጢስ ይመልከቱ፤ ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፥ የማይቋረጥ ነጭ ጢስ ውኃ ወደ ሞተሩ መግባቱን፥ ጥቁር ጢስ ነዳጁ በሚገባ አለመቃጠሉን ያመለክታሉ። የዘይቱን ክዳን ፈተው ከውስጥ እንደ ወተት የነጣ አተላ ካዩ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነውና ከዚያ በላይ ጊዜዎን አይፍጁ። ሞተሩ እየሠራ በዚሁ ክዳን በኩል ብርቱ ንፋስ ከወጣ ሞተሩ መውረጃው ደርሷል፤ «አንድ ጊዜ ወርዷል» ቢሉዎት ደግሞ ማን እንዳወረደውና የመለዋወጫውን ደረሰኝ ይጠይቁ።

ከሞተሩ ወደ አካሉ ይለፉ። ትንሽ ማግኔት በኪስዎ ይዘው በላሜራው ላይ ቢያስጠጉት፥ ስቱኮ በተሞላበት ቦታ አይጣበቅም፤ ይህም የተጋጨበትን ስፍራ ያሳይዎታል። በበሮቹና በኮፈኑ ዙሪያ ያለው ክፍተት ወጥ መሆኑን፥ የሻንሲው ቍጥር የተቀረጸበት ብረት ያልተፋቀና ያልተበየደ መሆኑን በጣትዎ ጭምር ይዳስሱ። ከጃፓን የመጡ እንደ ቪትዝ ያሉ መኪናዎች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረባቸው ስላሉ፥ ከዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብለው የብየዳ ምልክትና የተቀጣጠለ ሽቦ ይፈልጉ፤ የዝናብ መጥረጊያውም የሚጠርገው ለቀኝ ሾፌር ተመችቶ ከሆነ ያ ራሱ ይነግርዎታል። በጎማው ጐን ላይ በትንሽ ሞላላ ክበብ ውስጥ አራት ቍጥር ያገኛሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጌጁ የሚያሳየውን ኪሎ ሜትር ብቻውን አይመኑት፤ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ፥ የመሪው ቆዳ ልጦ፥ የሾፌሩ መቀመጫ ጐድጕዶ ሳለ ጌጁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ካሳየ፥ ሰው እጁን አስገብቶበታል። ለእኛ መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ከሥር ያለው ነው፤ መኪናው በክሪክ ወይም በጋራዥ ጕድጓድ ላይ ተነሥቶ፥ ሻንሲው አለመሰንጠቁን፥ የባሌስትራው ቅጠሎች አለመሰበራቸውን፥ ከካምቢዮና ከዲፈረንሻል ዘይት አለመንጠባጠቡን ሳያዩ እንዳይስማሙ።

ከዚያ በኋላ ይንዱት፤ ሜዳ ላይ የሚደረግ ሙከራ ግን ለጋይንት ሰው ከንቱ ነው። በአዲስ አበባ የሚገዙ ከሆነ ወደ እንጦጦ ይውጡ፤ የእንጦጦ ከፍታ ከነፋስ መውጫ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፥ ሞተሩ በአገርዎ አየር እንዴት እንደሚተነፍስ እዚያው ያዩታል። በባሕር ዳር ከሆነ የቤዛዊት ኮረብታ አጭር ቢሆንም፥ ሰው ሞልተው ቢያወጡት የፍሪሲዮኑን መንሸራተት ያጋልጣል። ከላይ ሲደርሱ የሙቀቱን ጠቋሚ ይመልከቱ፤ ሲወርዱ ደግሞ በከባድ ማርሽ ይዘው ፍሬኑ ወደ አንድ ጐን መሳብ አለመሳቡን ይፈትኑ፤ ከስማዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ሕይወቱን የሚያስረክበው ለዚህ ፍሬን ነውና።

መካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ ዋጋውን እርስዎ የከፈሉት፥ ሻጩንም ደላላውንም የማያውቅ ይሁን። በአገራችን በቤተ ልሔም ድጓ የሚያስመሰክር ደቀ መዝሙር ከየትም ጉባኤ ተምሮ ቢመጣ፥ መምህሩ ራሳቸው በጆሯቸው ሰምተው ሳያርሙ ምስክርነቱን እንደማይሰጡት ሁሉ፥ የቤቱ መካኒክ የሰጠው ምስክርነት ስለ እርስዎ መኪና ምንም አያጸናም። መኪናው ለምርመራ ከግቢ አይወጣም የሚል ቤት ሲያጋጥምዎ፥ መታወቂያዎን አስይዘው፥ የቤቱን ሰው አብረው አሳፍረው ለመሄድ ይጠይቁ፤ ይህም ከተከለከለ ጕዳዩ አልቋል።

መኪናው ቢወደድልዎ ወረቀቱ ይከተላል፤ በእኔ ግምት ከሞተር ይልቅ በወረቀት የተጐዳው ሰው ኀዘኑ ይረዝማል፤ የተበላሸ ሞተር ይጠገናልና። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቍጥር በመኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ፋይሉ ወደሚገኝበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በአካል ሄደው፥ የባንክ ዕዳ፥ የፍርድ ቤት ወይም የጉምሩክ እገዳ እንዳለበት ያስጣሩ፤ አዲስ አበባ የተመዘገበው እዚያው፥ አማራ ክልል የተመዘገበው ፋይሉ ባለበት ከተማ ይጠየቃል። ዲክላራሲዮኑን አይተው ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ፥ ስሙ ሲዛወር የሚጠየቀውን ቀረጥ ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይወስኑ። ሻጩ ወኪል ከሆነ የውክልናው ወረቀት መኪናውን የመሸጥ ሥልጣን በግልጥ የሚሰጥ መሆኑን፥ እንዳልተሻረም ከሰጠው ጽሕፈት ቤት ያረጋግጡ፤ በቅጂ ብቻ አይርኩ፤ ወካዩ በሕይወት መኖሩንም በስልክ ድምፁን ሰምተው ይወቁ። መኪናው የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ የሁለቱም ፊርማ ያስፈልጋል።

ስለ ቀብድ ሕጉ የሚለውን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልዘርዝረው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 1883 እስከ 1885 እንደሚደነግገው፥ ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፥ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን አጠፌታውን ይመልሳል። ስለዚህ በጥድፊያ መካከል የተሰጠች ትንሽ ቀብድ እንኳ ገዢውን ታስራለች። መስጠት ግድ ከሆነብዎ፥ ከደላላው እጅ ሳይሆን ከባለቤቱ ጋር በምስክር ፊት ይጻፉ፤ በወረቀቱም ላይ «መካኒክ መርምሮ ጕድለት ቢያገኝ ወይም እገዳ ቢገኝ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል ቃል ይግባበት።

ውሉ ሲጻፍ ደላሎች ግብር ለማሳነስ ሲሉ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍ ይመክራሉ። ይህን ምክር አይቀበሉ፤ ነገሩ ሕገ ወጥ ከመሆኑ በላይ፥ ነገ ውሉ ቢፈርስ በፍርድ ቤት ሊያስመልሱ የሚችሉት በወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሻጩ በቃል የነገረዎትን ሁሉ፥ የተሠራበትን ዓመት፥ አልተጋጨም፥ ሞተሩ አልወረደም ያለውን፥ በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቍጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ዋስ መሆኑን ይናገራል፤ ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢገባም፥ ሻጩ ጕድለቱን እያወቀ በተንኰል የሰወረ ከሆነ ቃሉ አያድነውም። ነገር ግን ገዢው ሲገዛ ያወቀውን ወይም በግልጥ የሚታየውን ጕድለት በኋላ ምክንያት ሊያደርገው አይችልም። ገንዘቡን በጥሬው አይስጡ፤ በባንክ፥ በሊብሬው ላይ ስሙ ወዳለው ሰው ሒሳብ፥ ውሉ በተፈረመበት ሰዓት ያስተላልፉ። ስሙም ወደ እርስዎ ሳይዛወር መኪናውን ይዘው ወደ አገር አይግቡ፤ ቦሎው የታደሰ መሆኑን አይተው፥ በአዋጅ ቍጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን በስምዎ ይግቡ።

ቤትዎ ከደረሱ በኋላ ዘይቱንና ፊልትሮውን ወዲያው ያስቀይሩ፥ ሙሉ ጭነት ከመጫንዎ በፊትም በዳገቱ ባዶውን ያመላልሱት፤ የተሰወረ ሕመም በእነዚህ ቀናት ይገለጣል። ጕድለት ከተገኘ በስልክ ተነጋግሮ መተው አይበቃም፤ ሕጉ ገዢው ጕድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ዓይነቱን ለይቶ እንዲያስታውቅ ያዛል፥ ክስ ለማቅረብ የተሰጠውም ጊዜ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን በሁለት ቅጂ ይጻፉ፤ መኪናውን የመረመረው ጋራዥ የሰጠውን ጽሑፍና የሻንሲውን ቍጥር ያያይዙ፤ አንዱን ቅጂ ለሻጩ ሰጥተው በሌላው ላይ መቀበሉን ከነቀኑ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካለም ሁለት ምስክሮች ባሉበት እንደተሰጠው አስጽፈው ያስቀምጡ።